ሁለቱ ምስጋናዎች፤ ስለ እናት ስኳርና ስለ ሕፃን ጆሮ

እስቲ ዛሬ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አብረን አራስ እንጠይቅ። ከጦር ኃይሎች በታክሲ ተሳፍረን በዘነበወርቅ በኩል ወደ አየር ጤና እንሄዳለን፤ ከዋናው መንገድ ወርደንም በኮብልስቶኑ ላይ ጥቂት እንደተራመድን ከአንዱ የኮልፌ ቀራንዮ መንደር እንደርሳለን። የቤቱ ጌታ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የሆነ ወዳጅዎ ነው እንበል። ደጃፉ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ከውስጥ የገንፎው ቅቤና የሚቆላው ቡና ሽታ ይቀበለናል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ከተቀመጥን በኋላ የአራሷ እናት ሕፃኑን ከመጠቅለያው ገለጥ አድርገው ያሳዩናል።

«እዩት እስቲ! ሲወለድ አራት ኪሎ ተኩል መዘነ። ደንዳና ነው፤ ከአሁኑ የሁለት ወር ልጅ ይመስላል» ይላሉ። ሁላችንም «እሰይ፤ ያሳድገው» እንላለን። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቲቱ ቡናውን መውቀጥ ትጀምራለች። ሙቀጫው ድው ድው ይላል፤ ሕፃኑ ግን ዐይኑን እንኳ አይገልጥም። አያቲቱም ይህን አይተው «ደግሞ ጨዋነቱ! ጫጫታ አያስነሣውም» ብለው ሁለተኛውን ምስጋና ይጨምራሉ።

እነዚህ ሁለት ምስጋናዎች ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም እውነት ናቸው። ትልቅ ሆኖ የሚወለድ ልጅ ሁሉ ጤና የጎደለው አይደለም፤ እንቅልፉ የከበደ ሕፃንም ሁሉ ጆሮው የማይሰማ አይደለም። ዳሩ ግን በዚያ ቤት ሐኪም አብሮን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ከምስጋናው ቀጥሎ ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር። አንደኛው «እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳሯ ተለክቶ ነበርን?» የሚል ነው። ሁለተኛውም «የሕፃኑ ጆሮስ ተመርምሯልን?» የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ በመካከላቸውም ምን ዝምድና እንዳለ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን። እርስዎ ገና ተማሪ ቢሆኑ «ይህ የባለ ትዳር ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት እንለምንዎታለን፤ ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት፣ አክስት ወይም ጎረቤት የሌለችው ሰው የለምና።

የማያምም ሕመም

ወደዚህ ስንመጣ በዘነበወርቅ ያለፍነውን ትልቅ ሆስፒታል ያስታውሱታል። አለርት የሚባለው ይህ ተቋም በ1965 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከምና ለዚሁ ሕክምና ባለሙያዎችን ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ጭምር እየተቀበለ ማሠልጠን ነበር። ዛሬ ሌላውንም ልዩ ልዩ ሕክምና የሚሰጥ ጠቅላላ ሆስፒታል ሆኗል።

የሥጋ ደዌ ለሰው ልጅ ያስተማረው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የተለወጠ፣ ሲነኩት የማይሰማ የቆዳ ክፍል ነው። አያቃጥልም፤ አይቆረጥምም። ሰውየውም ስላላመመው ችላ ይለዋል፤ የኋላ ኋላ ግን እጁ የጋለ ድስት ይዞ እየተቃጠለ እንኳ አይታወቀውም። ስለዚህ ይህን በሽታ የሚያክሙ ሰዎች ሕመምተኛው «አመመኝ» እስኪል አይጠብቁም፤ የማያመውን ቦታ ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። በጊዜ የተገኘ እንደ ሆነ በመድኃኒት ይድናል፤ የአካል ጉዳትም አይከተልም።

የእርግዝና ስኳርና የሕፃን ጆሮ አለመስማትም በዚህ ረገድ የዚያ ዓይነት ጠባይ አላቸው። ሁለቱም አያምሙም። ነፍሰ ጡሯ ስኳሯ ከፍ ቢል ራሷን አይወጋትም፤ ውሃ ቢጠማትና ቶሎ ቶሎ ሽንት ቢመጣባትም «እርግዝና ነው» ብላ ታልፈዋለች። ሕፃኑም «አልሰማሁም» ብሎ አይከስም፤ መስማት ምን እንደ ሆነ አያውቀውምና። ሁለቱንም ፈልጎ ማግኘት የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ስኳር ለምን ከፍ ይላል?

ብዙ ሰው የስኳር በሽታ የሚመጣው ስኳር ከመብላት ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህም ነፍሰ ጡሯ ስኳር አለብሽ ስትባል «ምን ስትልሺ ከረምሽ?» እየተባለች ትወቀሳለች። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ፓስታም ሆነ ድንች፣ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዘዋወራል። ይህ ስኳር የሰውነታችን ማገዶ ነው። ይሁን እንጂ ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍትለት ያሻዋል። በረኛው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ሴት ስታረግዝ እንግዴ ልጁ ለፅንሱ ምግብ እንዲተርፍለት የኢንሱሊንን ሥራ የሚያደክሙ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ይህ በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ የሚሆን የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። በአብዛኞቹ እናቶች ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያወጣ ጫናውን ይችለዋል። በአንዳንዶቹ ግን አቅም ያንሰውና ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጫናው የሚበረታው ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ስለ ሆነ በሽታውም ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። የእርግዝና ስኳር የሚባለውም ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ከማርገዟ አስቀድሞ ስኳር የነበረባት፣ አውቃውም ሆነ ሳታውቀው የምታረግዝ ሴት አለች፤ ስለ እርሷ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ለመሆኑ ይህ ስኳር ፅንሱን ምን ያደርገዋል? ይህን በሚገባ ያስረዱት የርገን ፔደርሰን የተባሉ የዴንማርክ ሐኪም ናቸው። እርሳቸው በ1952 ባቀረቡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ የእናቲቱ ስኳር በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ፅንሱ የመጣለትን ብዙ ስኳር በገዛ ትንሽ ቆሽቱ መቋቋም ይኖርበታል። ኢንሱሊን በብዛት ያመነጫል። ኢንሱሊኑም ስኳሩን ወደ ስብና ወደ ሥጋ ይለውጠዋል፤ ልጁም ከልክ በላይ ይገዝፋል። ያ አራት ኪሎ ተኩል ተብሎ የተመሰገነው ክብደት አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሕፃኑ ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ ከእናቱ ይመጣለት የነበረው ስኳር በድንገት ይቋረጣል። የቆሽቱ ሥራ ግን ወዲያው አይቆምም፤ ኢንሱሊን ማውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህም በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሕፃኑ ደም ስኳር እጅግ ሊወርድ ይችላል። ስኳር የአንጎል ምግብ ነውና መውረዱ በረታና ቆየ ማለት አንጎልን መጉዳቱ ነው። እንዲህ ላለው ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ማጥባት፣ ከዚያም በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ መመገብና የደሙን ስኳር መለካት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ሁሉ ዕውቀት የቅርብ ጊዜ ዕውቀት ነው። ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ያገኙት በ1921 ነው። በጥር ወር 1922 የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ስኳር ጸንቶባት አርግዛ እርሷም ልጇም በሰላም የሚተርፉ ሴት እጅግ ጥቂት ነበረች። ዛሬ ግን ስኳሯ በጊዜ ታውቆ የተጠበቀላት እናት እንደ ማንኛዋም እናት ጤናማ ልጅ ትወልዳለች።

መቼ ይለካል?

የእርግዝና ስኳርን ለመፈለግ ተስማሚው ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው፤ ይህም ማለት ስድስተኛው ወር አካባቢና ሰባተኛው ወር መግቢያ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሌሊቱን ምግብ ሳትቀምስ አድራ በማለዳ ደሟ ይለካል፤ ከዚያም 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ትጠጣለች፤ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሟ እንደ ገና ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመዘኛ መሠረት በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢገኝ የእርግዝና ስኳር አለ ይባላል።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻቸው አሉ። እናቷ፣ አባቷ፣ ወንድሟ ወይም እኅቷ ስኳር ያለበት፤ ከዚህ በፊት ከአራት ኪሎ በላይ የሆነ ልጅ የወለደች፤ ያለ ታወቀ ምክንያት ፅንሱ በሆዷ የሞተባት፤ በቀደመው እርግዝናዋ ስኳር ተገኝቶባት የነበረ፤ ክብደቷ ከልክ ያለፈ፤ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፤ እነዚህ ሁሉ ስድስተኛውን ወር ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ወይም ለአዋላጇ ነርስ መናገር ይገባቸዋል።

ስኳር የተገኘባት እናት ብዙውን ጊዜ የሚበቃት የአመጋገብ ሥርዓትና የእግር ጉዞ ነው። በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣውን ሻይና ለስላሳውን መተው፣ ነጭ ዳቦና ፓስታ መቀነስ፣ ጎመኑንና ሽሮውን፣ ምስሩንና እንቁላሉን ማዘውተር፣ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት ከፋፍሎ መብላት ነው። ይህ ካልበቃ ሐኪሙ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ያዝዛል። ኢንሱሊን ወደ ፅንሱ ስለማያልፍ «መርፌው ልጄን ይጎዳብኛል» ብላ መፍራት አይገባትም። ልጁን የሚጎዳው ሳይታከም የቀረው ስኳር ነው።

ከስኳር ወደ ጆሮ

አሁን አንባቢ «የእናት ስኳርና የልጅ ጆሮ ምን አገናኛቸው?» ሳይል አይቀርም። የሚያገናኟቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ገና በእርግዝናው መባቻ ያለ ነው። የፅንስ አካል የሚቀረጸው፣ የጆሮም መሠረት የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ ወሮች ነው። ከማርገዟ አስቀድሞ ስኳር የነበረባትና ስኳሯ ሳይስተካከል ያረገዘች እናት በዚህ ወቅት ደሟ በስኳር የተሞላ ስለ ሆነ የፅንሱ ልብ፣ አከርካሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ጆሮው ራሱ በአፈጣጠሩ ሊዛባ ይችላል። ብዙ ሴት ማርገዟን በምታውቅበት ጊዜ ይህ ሥራ ተጀምሯል። ስኳር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር ያለባት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የወሊዱ ሰዓት ነው። ከልክ በላይ የገዘፈ ልጅ ራሱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። በዚያች ጭንቅ ጊዜ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን አንጎሉም፣ የሚሰማበት ሥርም አየር ይራባሉ።

ሦስተኛው መንገድ ብጫነት ነው። የስኳር ሕመምተኛ እናት ልጅ አንዳንድ ጊዜ ደሙ የወፈረ፣ ቀይ የደም ሕዋሱ የበዛ ሆኖ ይወለዳል። ያ ትርፍ ደም ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ብጫ ነገር ይወጣዋል፤ የሕፃኑ ዐይንና ቆዳም ብጫ ይሆናል። ቀለል ያለ ብጫነት በብዙ ሕፃናት ላይ ታይቶ ይጠፋል። እጅግ ከበዛ ግን ወደ አንጎል ዘልቆ ይገባል፤ አስቀድሞ ከሚጎዳቸውም አንዱ የመስማት ሥር ነው። በአገራችን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቤት ማቆየት፣ ወይም «ፀሐይ ይሙቅና ይለቀዋል» ማለት የተለመደ ነው። ብጫነቱ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከታየ፣ ወይም ወደ እግርና ወደ መዳፍ ከወረደ፣ ወይም ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ያንኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ በሰማያዊ ብርሃን ይታከማል፤ ጆሮውም አንጎሉም ይተርፋል።

አራተኛው መንገድ ያለ ጊዜው መወለድና በሕፃናት ጽኑ ክፍል መቆየት ነው። በዚያ ሕይወት ለማዳን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ጄንታማይሲን፣ አንዳንድ ጊዜ የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን መከልከል ሞኝነት ነው፤ ልጁ በሕይወት መኖሩ ይቀድማልና። ከዚያ የወጣ ልጅ ጆሮው እንዲመረመርለት መጠየቅ ግን ብልህነት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የስኳር ሕሙማን እናቶችን ልጆች ከሌሎች ሕፃናት ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች አሉ። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው የጆሮ ምርመራ የማያልፉት ከእነዚህ ልጆች መካከል እንደሚበዙ አይተዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ልዩነቱ አነስተኛ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ ስኳር የነበረባት እናት ልትደነግጥ አይገባትም፤ ከነዚህ ልጆች የሚበዙት ደኅና አድርገው ይሰማሉ። ነገር ግን ልጇ ከሌላው ይልቅ ምርመራ የሚገባው መሆኑን ትወቅ።

ጨዋ የተባለው ሕፃን

ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ሕፃኑ ሙቀጫው ሲወቀጥ አልነቃም። ይህ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ጠግቦ የተኛ ሕፃን በብዙ ጫጫታ መካከል ይተኛል። በሌላ ወገን ደግሞ ሙቀጫው ሲወቀጥ ቢነቃ ኖሮም «ይሰማል» ለማለት ባልበቃ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ሙቀጫው ወለሉን ያንቀጠቅጣል፤ ወለሉም አልጋውን ያንቀጠቅጣል፤ የማይሰማ ሕፃን ንቅናቄው በሰውነቱ ተሰምቶት ሊነቃ ይችላል። በሩ በኃይል ሲዘጋም እንዲሁ ነው። በቤት ውስጥ በማጨብጨብና ሳህን በማንኳኳት የሚደረግ ምርመራ ብዙ ወላጆችን ያሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲያም ሆኖ የወላጅ ዐይን ብዙ ነገር ሊያይ ይችላል። የሚሰማ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ በድንገተኛ ድምፅ ብርግግ ይላል። በሦስትና በአራት ወሩ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ዝም ይላል ወይም ፈገግ ይላል። በስድስት ወሩ ድምፅ ወደ መጣበት ራሱን ያዞራል። በዘጠኝ ወሩ ስሙ ሲጠራ ያውቃል፤ «ባባ፣ ማማ» እያለም ይንተባተባል። በዓመቱ አካባቢ የመጀመሪያ ቃሉን ይናገራል። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወሮች እንደ ሌላው ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ድምፅ ያወጣል፤ ይህም ወላጁን ያታልለዋል። የገዛ ድምፁን ስለማይሰማ ግን ውሎ አድሮ ጨዋታው እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ጊዜ ጎረቤት «አባቱም የዘገየ ነበር፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላል። ሁለት ዓመት ያልፋል። ሦስት ዓመት ያልፋል።

የሚያልፈው ጊዜ ተመልሶ የማይገኝ ጊዜ ነው። የሕፃን አንጎል ቋንቋን ለመቀበል ከሁሉ ይልቅ የተዘጋጀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ክሪስቲን ዮሺናጋ-ኢታኖ የተባሉት ምሁርና የሥራ ጓደኞቻቸው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ባደረጉትና በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አለመስማታቸው ከስድስት ወር በፊት ታውቆ እርዳታ የጀመሩ ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ ችሎታ ልቀው ተገኝተዋል። ልዩነቱን ያመጣው የመታወቂያው ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንም፣ የማያውቀውንም ሰው ይጠራበታል። ይህ የቃል መደባለቅ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ቤት ደጃፍ እንደ መለሰው ማን ቆጥሮት ያውቃል? የማይሰማ ልጅ ቋንቋ በጊዜው ካላገኘ ዕውቀት ይቀርበታል፤ ይህም የሚሆነው እኛ ዘግይተን ስላወቅነው እንጂ በእርሱ ጥፋት አይደለም። በጊዜው ከታወቀ ግን ለአንዱ የመስሚያ መሣሪያ ይረዳዋል፤ ሌላው በምልክት ቋንቋ ይማራል። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። እጁ የሚናገር ልጅ ዲዳ አይባልም።

ጆሮ እንዴት ይመረመራል?

በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የተባሉ ሳይንቲስት በለንደን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። ጤናማ ጆሮ ድምፅ ሲገባለት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ቀንድ አውጣ የሚመስለው የውስጥ ጆሮ ራሱ በጣም ደካማ የሆነ ድምፅ መልሶ ያወጣል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ለስላሳ ውታፍ በጆሮው ውስጥ ይደረጋል፤ መሣሪያው ድምፅ ይልካል፤ መልሱንም ያዳምጣል። አያምም፤ ደም አይወሰድበትም፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሌላው ምርመራ በግንባሩና በጆሮው አጠገብ ጥቃቅን መለኪያዎች ተለጥፈው የመስማት ሥር ድምፁን ወደ አንጎል ማድረሱን የሚያሳይ ነው። በብጫነት የታመመ ወይም በጽኑ ክፍል የቆየ ሕፃን ይህ ሁለተኛው ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የውስጥ ጆሮው ደኅና ሆኖ ሥሩ ብቻ የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያውን ምርመራ አለማለፍ አለመስማት ማለት አይደለም። አዲስ በተወለደ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ከማሕፀን የመጣ እርጥበት ሊኖር ይችላልና ከቀናት በኋላ ይደገማል። ምርመራው በተስፋፋባቸው አገሮች የሚከተሉት ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ መመርመር፣ በሦስት ወር ውስጥ ቁርጡን ማወቅ፣ በስድስት ወር ውስጥ እርዳታ መጀመር።

በአገራችን ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ይህን ምርመራ የማድረጉ ልማድ ገና በሰፊው አልተዘረጋም። ስለዚህ ወላጅ ካልጠየቀ ማንም ላይነግረው ይችላል። ልጁን የሚያይ የሕፃናት ሐኪም ግን የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሊጽፍለት ይችላል፤ የሚያስፈልገው «ይጻፍልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው።

እርስዎስ ምን ያደርጋሉ?

ባለ ትዳር ከሆኑ የባለቤትዎን የክትትል ካርድ አንድ ቀን ተቀምጠው ያንብቡት። ስድስተኛው ወር ሲደርስ «የስኳር ምርመራው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቢቻል አብረዋት ይሂዱ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ነፍሰ ጡር የመንግሥት ሠራተኛም ለምርመራ ፈቃድ የማግኘት መብት በሕግ አላት። የክፍል ኃላፊ ከሆኑ ደግሞ ይህን ፈቃድ ሲጠየቁ ፊትዎን አያጥቁሩ።

በቤትዎ ያለችው ነፍሰ ጡር ስኳር ከተገኘባት የተለየ ድስት አያስጥዱባት፤ ቤተሰቡ ሁሉ እርሷ የምትበላውን ቢበላ ለሁሉም ጤና ነው። ጾም የምትጾም እንደ ሆነ፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ አስቀድማ ሐኪሟንና የሃይማኖት አባቷን ታማክር። ከወለደች ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳሯ እንደ ገና መለካት አለበት። የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ የያዛት እናት ግን በኋለኛው ዘመኗ የስኳር በሽተኛ የመሆን ዕድሏ ከሌላው እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ በየጊዜው መለካት ይገባታል። አራስነቱ ሲያልፍ ሁሉም ሰው ሕፃኑን ያያል፤ እናቲቱን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።

ተማሪ ከሆኑም ሥራ አለዎት። በሰፈርዎ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትመጣ እናትዎ «እኛ ደኅና ነን» ብለው ሳይሸኟት፣ ነፍሰ ጡሯን አክስትዎን ከእርሷ ጋር ያገናኙ። የተማረ ሰው ጥቅሙ ለቤቱ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

አሁን ቡናው ፈልቷል፤ አቦሉም ተቀድቷል። ሕፃኑ ነቅቶ ጡት ይዟል። አያቲቱ ያመሰገኑትን ምስጋና እኛም ደግመን እናመሰግናለን፤ ደስታቸውን የምናቀዘቅዝበት ምክንያት የለም። ልንሄድ ስንነሣ ግን ወዳጅዎን ወደ ደጃፉ ጠጋ አድርገው፣ ጫማዎን እያጠለቁ በዝቅተኛ ድምፅ ሁለቱን ነገር ይጠይቁት፤ «ባለቤትህ በእርግዝናዋ ስኳሯ ተለክቶ ነበር? የልጁንስ ጆሮ አስመርምረሃል?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ደስ ብሎዎት ይሄዳሉ። «አይ» ከሆነም ልጁ ገና የሁለት ሳምንት ልጅ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ክፍት ነው።